አማቴና እኔ በፍል ውሃው ሆቴል

የካቲት 2

የሚዜዎቹን ቀሚስ ጨርሼ አስረከብኩ። የአንዷ ወገብ ሁለቴ ተፈትቶ ሁለቴ ተሰፋ። እኔ አልተሳሳትኩም፣ ልጅቷ ከተለካች ወዲህ ወፍራለች።

ማታ ባለቤቴ የስፌት ክፍሌን በክንዱ ለካው። አልጋ ይገባል ይላል። እናቱ ቤታቸውን አከራይተው እኛ ጋ ሊገቡ ነው... የስፌት መኪናዬ ኮሪደር ላይ ትወጣለች። "እማዬ ብቻዋን መኖር ፈርታለች" አለኝ። እሺ አልኩ። ምን ልል ኖሯል? እምቢ ብል ሰው ምን ይለኛል?

ከዚያ በፊት ግን እኔና አማቴ ፍል ውሃ ሆቴል እንሄዳለን። "በጣም ጓጉታለች፣ አብረሻት ሂጂ" ብሏል። ክፉ ሰው አይደሉም። ግን ባየኋቸው ቁጥር እንደ ተማሪ ቀጥ እላለሁ።

የካቲት 5

ደረስን። ኧረ ጉድ! ፎቶው ላይ ሰማያዊ የነበረው የመዋኛ ገንዳ ጠብታ ውሃ የለውም። መሃሉ ላይ ድመት ተኝታለች። የእንፋሎት ክፍሉ በር ላይ "ለጊዜው ተዘግቷል" ተብሎ በዘይት ቀለም ተጽፏል። ቀለሙ ራሱ አርጅቶ ተልጧል።

ሻንጣችንን ያወጣልን አስተናጋጅ ክራቫት ያሠረ ሸምገል ያለ ሰው ነው። ሊፍቱስ? "ለጊዜው ነው።" የኮሪደሩ መብራትስ? "እሱም ለጊዜው ነው።" ስም አወጣሁለት፦ ለጊዜው።

አማቴን በጎን አየኋቸው። "እንዴት ያለ ጸጥታ ነው!" አሉ። ደስ ብሏቸዋል... ምን ልበል? "አየሩ ራሱ መድኃኒት ነው እማማ" አልኩ።

የካቲት 6

የቁም ሣጥኑ በር ሲከፈት የመታጠቢያ ቤቱን በር ይዘጋል። በፎጣው አንዱን ትከሻ ሲሸፍኑ ሌላው ይበርዳል። የመስኮቱ መጋረጃ ግን ሸጋ ነው፣ ጠርዙ በእጅ የተዘመዘመ። ሌላ የማመሰግነው ነገር አጣሁ።

ቁርስ የቀዘቀዘ እንቁላልና የደረቀ ዳቦ። "ጠንከር ያለ ዳቦ ለጥርስ ጥሩ ነው" አሉ አማቴ። እኔም አንድ ቁራሽ ጨመርኩ።

ማሳጅ የምትሠራውን ሴትዮ ወገቧን ያማታል። በመጨረሻ አማቴ ናቸው ያሿት። "እጄ ተፍታታ" ብለው ተመለሱ። ምነው አንድ ቀን እንኳ ቢያማርሩ?

የካቲት 7

ምላሴ ይቆረጥ!

ነገ ጠዋት ልንወጣ ነበር። ምሳ ላይ ለጊዜው መጥቶ "ተስማማችሁ?" ሲል ጠየቀን። "እጅግ!" አሉ አማቴ። እኔም እንዳላንስ ብዬ "ምነው ትንሽ በቆየን!" አልኩ። የሰውዬው ዓይን እንባ አቀረረ። ሮጦ ከአስተዳዳሪው ጋር ተማክሮ መጣና... ሁለት ሌሊት በነጻ ጨመሩልን። እንዲህ ያለ እንግዳ ካየን ቆየን አለ።

ተነስተን አመሰገንን። ክፍላችን ገብተን ያጠፍነውን ልብስ ከሻንጣ መልሰን አወጣን።

የካቲት 8

የዛሬው ሳይጻፍ አይታደርም።

የፍል ውሃው ክፍል ሁለት መታጠቢያ አለው፣ መሃሉ ላይ የፕላስቲክ መጋረጃ። እኔ በዚህ፣ አማቴ በዚያ። ራሳችንን ሳሙና በሳሙና አድርገን ሳለ ቧንቧው ተንደቀደቀና ቀጥ አለ። ዓይኔ ተቃጠለ። ዋጥ አድርጌ ዝም አልኩ። ከመጋረጃው ወዲያ ግን፦

"ይሄን ቤት የሠራ እጁ አይባረክ! ኧረ የት አመጣሽኝ አንቺ ልጅ!"

"እኔ?"

"አንቺ አይደለሽ ፍል ውሃ ያማረሽ? 'ደክሟታል፣ አብረሻት ሂጂ' ያለኝ ባልሽ ነው!"

"እኔማ እርስዎ ጓጉተዋል ተብዬ ነው የመጣሁት እማማ!"

"እኔ? ገና ድመቷን ሳያት ነው የጠላሁት!"

ሳቄ አመለጠኝ። እሳቸውም ሳቁ። ሳሙናው አፌ ገባ፣ ግን ማቆም አልቻልኩም። ሳቁ በረድ ሲል ድምፃቸው ቀስ ብሎ መጣ።

"እናንተ ቤት የመግባቴስ ነገር? 'አብረሽን ኑሪ የምትልሽ እሷ ናት' ብሎኛል።"

አሁንም እሺታዬን ልድገም? ፊታቸውን ባየው ኖሮ እደግመው ነበር።

"እኔ አላልኩም እማማ... እርስዎ ብቻዎን ፈርተዋል ነው የተባልኩት።"

"እኔ ልፍራ? የሰፈሩ ውሻ እንኳ እኔን ነው የሚፈራው!"

"ታዲያ መምጣት ይፈልጋሉ?"

"አልፈልግም ልጄ። ግን እምቢ ብል የናቅሁሽ ይመስልሻል ብዬ ነው።"

"እኔም ክፍሌን መልቀቅ አልፈልግም" አልኩ። "ሥራዬ እኮ እዚያ ነው።" ማልቀስ ጀመርኩ። ሀፍረት ይሁን እፎይታ እንጃ።

በመጋረጃው ሥር ፎጣ የያዘ እጅ ገባ። "እንኪ፣ ለትከሻ ባይበቃ ለዓይን ይበቃል።"

በሩ ተንኳኳ። ለጊዜው ሙቅ ውሃ በባልዲ ተሸክሞ መጥቷል። "ይቅርታ እናቶቼ፣ ለጊዜው ነው" አለ ከውጭ። በሳቅ ሞትን።

የካቲት 9

መሄድ እንችል ነበር። ለጊዜው እንዳይከፋው ብለን ቀረን። ከይሉኝታ በአንድ ቀን አይዳንም!

ከጠዋት እስከ ማታ ሁሉንም አማን። ሾርባውን፣ ትራሱን፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ሥዕል። አማቴ በሐሜት የሚደርስባቸው የለም፣ ሳያሳዩን ኖረው ነው። ካርታ ስንጫወትም ያጭበረብራሉ። እንዲህ የተዝናናሁበትን ቀን አላስታውስም።

የካቲት 10

ቤት ገባን። ባለቤቴ በፈገግታ "እንዴት ነበር?" አለ። እናቱ ሻንጣቸውን እንኳ ሳያስቀምጡ "አንተ ልጅ፣ እስቲ ና ቁጭ በል" አሉት። እሱ እኔን ያያል፣ እኔ ጣሪያ አያለሁ።

"ሁለታችሁም እኮ እሺ ነው ያላችሁኝ!" አለ ምስኪን። እውነቱን ነው... ብለነው ነበር። ተከራይ ገና አልገባም። ማታውኑ ወደ ቤታቸው አደረሳቸው።

የካቲት 21

የሙሽራ ቀሚስ ላይ ነኝ። ለነገ ይፈለጋል፣ እጅጌው ገና አልተገጠመም። ስልክ ተደወለ። አማቴ ናቸው።

"ዛሬ ብቅ ልበል?"

"ዛሬ እንኳ አይመቸኝም እማማ።"

አልኩና ደነገጥኩ። ለአማት እንዲህ ይባላል? ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት፦

"እሰይ!" አሉ። "እንግዲህ ይምጡ ስትዪኝ ከልብሽ መሆኑን አምናለሁ።"

እሑድ ይምጡ አልኳቸው።