ሦስተኛው ግ

ሰኞ፣ ኅዳር 10

ለሽፋን የሚሆነው ትልቁ የእርሳስ ግ ሁለት ብቻ ነው። ፊደል ለቃሚያችን ጋሽ ደስታ የፊደል መሳቢያውን ሦስት ጊዜ አገላብጦ ፈለገ፤ የለም። የመጽሐፉ ርእስ ደግሞ «ግድግዳ የማያግደው ሰው» ነው፣ ሦስት ግ ይፈልጋል። ስተረጉመው በፊደል እጥረት ይሰናከላል ብዬ መቼ አሰብኩ። ተርጓሚ ፊደል አይቆጥርም፤ የሚቆጥረው ለቃሚው ነው።

የመጽሐፉ ፊልም ቅዳሜ ሲኒማ ቤት ይገባል። ጥይት የማይበሳው፣ በግድግዳ ውስጥ የሚያልፍ ፈረንጅ። የማተሚያ ቤታችን ባለቤት አቶ ሙላቱ ልብ ወለዱና ፊልሙ እኩል ይውጡ ብለው ሁለት ወር ሙሉ ቁም ስቅሌን አሳይተውኛል። የውስጥ ገጾቹ ታትመዋል። የቀረው ሽፋኑ ነው።

ጋሽ ደስታ ሌላ ቃል አምጪ አለኝ። «ጀግናው» እንዳልል፣ ጀግና ዛሬ የሚባለው ግንባር ያለ ወታደር ነው፤ ለፈረንጅ ብሰጠው ጉድ ይፈላል። «ልዕለ ኃያሉ» አልኩት። አጭር ነው፣ ያምራል፣ አንድም ግ የለበትም። ሳንሱር ማህተም የመታው በድሮው ርእስ ላይ መሆኑን አውቃለሁ። ለአንድ ርእስ ማን እንደገና ሊሰለፍ? ቀኑን ሙሉ በራሴ ስኮራ ዋልኩ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 11

ጋሽ ደስታን ወሰዱት።

ጠዋት ሁለት ሰዎች ከአንድ አብዮት ጥበቃ ጋር መጡ። ሽፋኖቹ ገመድ ላይ ተሰቅለው እየደረቁ ነበር። አንደኛው ቀና ብሎ ጮክ አድርጎ አነበበው። ልዕለ ኃያሉ። እኔም ቃሉን በጆሮዬ የሰማሁት ያኔ ነው። ራዲዮኑ በየቀኑ አሜሪካንን የሚሰድብበት ቃል! ወረቀት ላይ ስጽፈው ሰውዬውን ብቻ ነበር ያየሁት።

ማህተም ያለበትን ረቂቅ አስመጡ፤ ርእሱ ሌላ ነው። ኢምፔሪያሊስትን የሚያሞግሰው ማነው አሉ። ጋሽ ደስታ መነጽሩን አውልቆ በሽርጡ ጠረገና «የለቀምኩት እኔ ነኝ» አለ። ማን አዘዘህ ሲሉት፣ «ማንም። ፊደል አጠረኝና ራሴ ቀየርኩት» አላቸው።

እኔ ከጎኑ ቆሜያለሁ። እጄን ብዘረጋ ትከሻውን እነካለሁ። አፌ አልከፈት አለኝ። ሲወጣ ዞር ብሎም አላየኝም፤ ሆን ብሎ ነው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 12

አቶ ሙላቱ፣ ነገሩ እስኪበርድ አፍሽን ያዢ አሉኝ። ጋሽ ደስታ ፊደል የሚለቅምበት ወረንጦ መሳቢያው ላይ እንደተቀመጠ ነው። ማንም አላነሳውም።

የምፈራውን ልጻፈው።
ስሜ ከተያዘ ቤቴ ይፈተሻል።
ቤቴ ከተፈተሸ መጽሐፍ ቅዱሶቹ ይገኛሉ። ጸሎት ቤታችን ከታሸገ ወዲህ የምንጸልየው መካኒሳ፣ እኔ ክፍል ውስጥ ነው። ሰባት ነን። ስድስቱ ምን በደሉ?
እናቴ ትሰማለች።

ጻፍኩና አነበብኩት። ስድስቱን ምክንያት አደረግኳቸው እንጂ የፈራሁት ለራሴ ነው። ፈሪ ነኝ። ሁለት ወር ሙሉ ምንም የማይፈራ ሰው ስተረጉም የከረምኩት እኔ ነኝ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 13

የጋሽ ደስታ ሚስት እትዬ አስካለ አብረሽኝ ነይ አለችኝ። የታሰረው ከቀበሌው በላይ ባለው በከፍተኛው ጽሕፈት ቤት ግቢ ውስጥ ነው ተብሏል። ምሳ ዕቃውን ለዘበኛው ሰጠነው። ቆይቶ መለሰልን። ሙሉውን።

ባዶ ዕቃ ሲመለስ ሰውዬው አለ ማለት ነው። ሙሉ ሲመለስ ምን ማለት እንደሆነ በዚህ ከተማ የማያውቅ የለም። አንዳንዴ የተረኛው ዘበኛ ክፋት ነው ይላሉ። አንዳንዴ።

አቦ ቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ስንደርስ እትዬ አስካለ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ወጡ ገና ትኩስ ነበር። ያኔ ነገርኳት፤ ቃሉ የኔ ነው አልኳት።

«አውቄዋለሁ» አለች። «ደስታ ፊደል ይለቅማል እንጂ ቃል አያወጣም። እስክትነግሪኝ ነበር የምጠብቀው።»

አልረገመችኝም፣ አላጽናናችኝምም። ብትረግመኝ ይሻለኝ ነበር። ነጠላዋን አስተካክላ ስትነሳ፣ «ነገ ስንቁን የምታደርሽው አንቺ ነሽ» አለችኝ።

ዓርብ፣ ኅዳር 14

መጽሐፍ ቅዱሶቹን ማለዳ ለእትዬ አስካለ ወሰድኩላት። እሷ ማርያምን ሳትጠራ የማትውል ኦርቶዶክስ ናት። አንድ ቃል ሳትናገር ተቀብላ ዱቄት በርሜል ውስጥ ከተተቻቸው። ምሳ ዕቃውን ሰጠችኝ። ዳቦውን ከማተሚያ ቤት ባመጣሁት በመጽሐፋችን የተበላሸ ገጽ ጠቀለልኩት፣ ሁልጊዜም እንደምናደርገው። ዘበኛው ተቀበለኝ፣ ዕቃውን ነገ ውሰጂ አለ።

ከዚያ መርማሪው ዘንድ ገባሁ።  ርእሱን የቀየርኩት እኔ ነኝ፣ ሽማግሌው የሰጠሁትን ነው የለቀመው አልኩ። ለምን ቀየርሽ አለኝ። ግ አጥሮን ነው አልኩት። ያሾፍኩበት መሰለው። ርእሱን ወረቀት ላይ እንዲጽፈው ለመንኩት። ጻፈና በእስክሪብቶው ጫፍ ቆጠረ። ሦስት። 

ቃሌን ጽፌ ፈረምኩ። መታወቂያዬን መሳቢያው ውስጥ ቆለፈው፤ ሰኞ ጠዋት ትመለሻለሽ አለ። በሩ ላይ ስደርስ ጠራኝ።

«የመጽሐፉን ሰውዬ፣ መጨረሻ ላይ ይይዙታል?»

«አይይዙትም» አልኩት።

እሱንም ጻፈው።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 15

ፊልሙ ተጀመረ። አቶ ሙላቱ ሰልፉ እስከ አስፋልቱ ደርሷል ብለው አለቀሱ ማለት ይቻላል። መጽሐፉ ግን የለም፤ መጋዘኑ ታሽጓል። እኔ ግድ አልሰጠኝም። ምሳ ዕቃውን ልወስድ ሄድኩ።

ዘበኛው ሲያቀብለኝ ክብደቱን እጄ ቀድሞ አወቀው። ባዶ ነበር። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ፣ ሰው ያየኛል አላልኩም። እትዬ አስካለ ቤት ስደርስ ከፈትነው። አንድ ፍርፋሪ የለም። ዳቦው የተጠቀለለበት ገጽ አራት ቦታ ታጥፎ ከታች ተቀምጧል። ወደ ብርሃን አወጣሁት፤ መልእክት ካለው ብዬ ግራ ቀኙን ፈለግሁ። በእጅ ምንም አልተጻፈበትም። ዘጠነኛው መስመር ላይ ግን «ግድገዳ» የሚል አለ፤ ገ ላይ በጥፍር ተጭሯል፣ ኅዳጉ ላይም በጥፍር ግ ተስላለች።

ያንን ገጽ ሁለት ጊዜ አርሜ ነበር ያሳለፍኩት። እትዬ አስካለ ማንበብ አትችልም፤ ምን ይላል አለችኝ። ተሳስተሻል ይለኛል አልኳት። ከማክሰኞ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

ይፍቱት አይፍቱት አላውቅም። እኔንም ሰኞ ይመልሱኝ አይመልሱኝ አላውቅም። ወፍራሙን ሹራቤን አውጥቻለሁ። የሚቀጥለውን ገጽ ለእትዬ አስካለ ሰጥቼ፣ ካልተመለስኩ ዳቦዬን በዚህ ጠቅልዪልኝ ብያታለሁ።