በፕላን ፓርክ የሆነው ቤቴና ጣሪያ ላይ የወጣው ዱባ

ለተከበሩ የከተማችን የፕላን ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ለቤተሰብዎና በተለይም ለዓይንዎ ደኅንነት ዱዓ እያደረግሁ፣ ወደ ገሳይ ከሚወስደው መንገድ ዳር የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔ ከገበያው በላይ ባለች አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ለሃያ ሁለት ዓመት የሰው ልብስ ስሰፋ የኖርኩ ሴት ስሆን፣ በኅዳር ወር በተለጠፈው የሰፈራችን ዝርዝር የመሬት አጠቃቀም ፕላን ላይ ቤቴን ፓርክ ሆኖ ስላገኘሁት ምስጋናዬን በአደባባይ ለማቅረብ ተገድጃለሁ።

1ኛ፦ ባለሙያዎችዎ ሰፈራችንን ያጠኑት በመስከረም መጀመሪያ፣ ጭቃ እንዳይነካቸው ከአስፋልቱ ሳይወርዱ ነበር። በዚያ ሰሞን ዱባዬ አጥሩን ተሻግሮ፣ ግድግዳውን ወጥቶ፣ ጣሪያዬን ከዳር እስከ ዳር አልብሶት ነበር። ዱባ ጣሪያ ላይ መውጣቱ በእኛ አገር ብርቅ ባይሆንም፣ እነርሱ ከሩቅ አይተው «አረንጓዴ ስፍራ» ብለው በመመዝገብ አክብረውታል። ከቅጠሉ ሥር በር፣ መስኮትና የስፌት መኪና መኖሩን ለማወቅ ሃያ እርምጃ ይበቃ ነበር፤ ጫማቸው ግን አዲስ ነበር።

2ኛ፦ ዱባው በጥቅምት ተለቅሟል፣ ሐረጉም ደርቆ ተነሥቷል። ሆኖም የሚያፈሰውን ቆርቆሮ ለመቀየር ፈቃድ ብጠይቅ፣ በፓርክ ውስጥ ግንባታ ክልክል መሆኑ በትሕትና ተነገረኝ። እንግዲህ የሚመጣው ክረምት ዝናብ በደንበኞቼ ልብስ ላይ በሕጋዊ መንገድ ይወርዳል ማለት ነው። ቀልዱን ትቼ እውነቱን ልንገርዎ፣ ሌላ ቤት የለኝም።

3ኛ፦ ጎረቤቴ አቶ ሞላ የከብቶቻቸው በረት «የመኪና ማቆሚያ» መባሉን ከሰሙ ወዲህ ላሞቻቸውን በሰልፍ ማሰር ጀምረዋል። ወይዘሮ ብዙነሽም ባገኙኝ ቁጥር ፓርኩ የሚከፈትበትን ሰዓት ይጠይቁኛል።

ስለሆነም ክቡርነትዎ ደረቅ ቀን መርጠው፣ አሮጌ ጫማ ተጫምተው፣ በእግርዎ መጥተው በሬን እንዲያንኳኩልኝ እለምናለሁ። የሚንኳኳ በር ያለው ፓርክ እስካሁን አይተው እንደማያውቁ እገምታለሁ።

ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ በአክብሮት ጎንበስ ብዬ እጅ የምነሳ፣

ዘምዘም አብዱልቃድር
ልብስ ሰፊ፣ ለጊዜው አረንጓዴ ስፍራ

የተረሳ ነገር፦ ከደብዳቤው ጋር ሦስት የዱባ ፍሬ አያይዣለሁ። በሰኔ ከቢሮዎ ግድግዳ ሥር ያስተክሏቸው። ባለሙያዎችዎ በመስከረም እንደ ልማዳቸው ከአስፋልቱ ሆነው ሲያዩ፣ ያን ጊዜ ቢሮዎን የት እንደሚያገኙት አብረን እንጠይቃቸዋለን።