ትዕይንቱን ለመሠረቱት፣ ሲመሠረት ግን ላልነበሩት ክቡር ሰብሳቢ

ይድረስ ለተከበሩ የዓመታዊው ታላቅ የመኪና ትዕይንት አዘጋጅ ኮሚቴ ሰብሳቢ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው? በመክፈቻው ዕለት መድረክ ላይ ቆመው ያን ያህል ጊዜ ስለ ራስዎ ሲናገሩ ጉሮሮዎ እንዳይደርቅ ሰግቼ ነበር፤ ደህና መሆንዎን ከላኩልን ማስጠንቀቂያ ተረድቼ ተጽናናሁ። እኔ፣ አዳራሽዎ ውስጥ መኪና አስነሥቶ ወደ ቤቱ የነዳው፣ "ሦስተኛ ማርሽ" እየተባለ የሚጠራው አዛውንት መካኒክ ታናሽ እህት ነኝ። ዕድሜዬን የፈጀሁት የመኪና ወንበር ልብስ ስሰፋ ነው። ወንድሜ ይቅርታ እንዲጠይቅና መኪናውን እንዲመልስ የጻፉለትን አንብቦ፣ አጣጥፎ ወደ ሥራው ስለተመለሰ፣ መልሱን እኔ በአደባባይ ላቅርብ ብዬ ነው።

፩. ስለ ታሪኩ። ለምሥረታ በዓሉ ያሳተሙት ወርቅ ቅብ መጽሐፍ፣ ትዕይንቱ የተወለደው ከእርስዎ "አርቆ አሳቢነት" እንደሆነ ይተርካል። ወረቀቱ በእውነት ያምራል። እኛ የምናውቀው ግን ወንድሜና አንድ ባትሪ ሠሪ ወዳጁ፣ በብርድ ጠዋት የማን አሮጌ መኪና ቀድሞ ይነሣል ብለው መከራከራቸውን ነው። ሠፈርተኛው ሊያይ ወጣ፤ ሌሎች ሾፌሮችም "የእኛስ ምን ወጣለት!" ብለው መኪናቸውን አጥበው መጡ፤ መሃል ላይ ዝናቡ ወረደ። ከመንገዱ ማዶ የጥጥ መጋዘን የነበራቸው አሮጊት ጥጡን በረንዳ ላይ አስወጥተው በሩን ወለል አደረጉና፣ "ኑ ግቡ፤ ቆርቆሮም ቢሆን ዝናብ ይጠላል" አሉ። በዓመቱ ሰዉ ራሱ "ዘንድሮስ የለም ወይ?" ብሎ ጠየቀ። ትዕይንቱ እንዲህ ተጀመረ። እርስዎ የመጡት ትዕይንቱ አዳራሽ ገብቶ ወለሉ ምንጣፍ ከለበሰ በኋላ ነው፤ ዘግይቶ ደርሶ ከአባወራው በላይ መቀመጥ ተሰጥኦ ይጠይቃልና እናደንቅዎታለን።

፪. ስለ መስተንግዶው። ምንጣፉ እንዳይቆሽሽ ብለው ዘይት የሚያንጠባጥቡትን መኪኖች ከነባለቤቶቻቸው ወደ ውጭ ስላወጡልን እናመሰግናለን። ንጹሕ አየር አግኝተናል።

፫. ስለ "ስርቆቱ"። ለበዓሉ ማድመቂያ የወንድሜን ሰማያዊ መኪና ተዋሳችሁ። እሱም በመክፈቻው ዕለት ከረባቱን አስሮ፣ እኔን አስከትሎ ሊያየው መጣ። መኪናው ፊት የቆመው ሰሌዳ "የመሥራቹ የመጀመሪያ መኪና" ይላል፤ ከሥሩ የእርስዎ ፎቶ። ወንድሜ እጁን ኮፈኑ ላይ ሲያሳርፍ አስተናጋጇ ልጅ፣ "አባባ፣ አይንኩት፤ ለዕይታ ብቻ ነው፣ አይሠራም" አለችው። "ማን አለሽ፣ ልጄ?" ብሎ መኪናው የታጠረበትን ገመድ ፈትቶ ገባ፤ እኔም በገዛ እጄ በሰፋሁት ወንበር ላይ ከጎኑ ተቀመጥኩ። መኪናው ሲነሣ ሕዝቡ የዝግጅቱ ክፍል መስሎት አጨበጨበ፤ ሙዚቀኞቹ መጫወት ጀመሩ፤ ዘበኛው የኋላውን በር ከፍቶ ሰላምታ ሰጠን። እርስዎም መድረክ ላይ ሆነው እጅዎ እስኪቀላ ሲያጨበጭቡ አገር በቴሌቪዥን አይቷል። በራስዎ ጭብጨባ የተሸኘ ንብረት እንዴት "ተሰረቀ" እንደሚባል ጠበቃዎ ቢያስረዱን ደስ ይለናል።

፬. ስለ ፖሊስ። የላኩልን መርማሪ ጨዋ ሰው ናቸው። ወንድሜን ይዘው ሊሄዱ ሲሉ መኪናቸው አልነሣ ስላለ፣ ተጠርጣሪው መርማሪውን "በተሰረቀው" መኪና ጣቢያ አድርሷቸዋል። መንገድ ላይ "ለመሆኑ መኪናው የማን ነው?" ብለው ሲጠይቁ፣ ወንድሜ አፉን ሳይከፍት ጎማ ጠጋኙ ከዳር ሆኖ፣ "ሦስተኛ ማርሽ! ዛሬ ደግሞ ያችን መኪናህን በመንግሥት አሳጀብካት?" ብሎ ጮኸ። መርማሪው ከት ብለው ሳቁ፤ ወንድሜም በነዳው መኪና ተመልሶ ቤቱ ገባ።

እኔ ይህን ስጽፍ ሳቅ ሳቅ ይለኛል፤ ወንድሜ ግን አልሳቀም። ያን ዕለት ከአዳራሹ ወጥተን መጋዘኑ የነበረበት ቦታ ስንደርስ ቆመ፤ አሁን የእናንተ እንግዶች መኪና ማቆሚያ ሆኗል። መሪውን እንደያዘ፣ "የእኔስ ይቅር፣ እኔ በክርክር የገባሁበት ነው። እሳቸው ግን ጥጣቸውን እያበሰበሱ እኛን ያስጠለሉ ሴት ናቸው። በዚያ ሁሉ ወረቀት ላይ አንድ መስመር ይነፈጋሉ?" አለኝ። ወንድሜ ሲያለቅስ ሳይ ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

ስለዚህ ይቅርታም የለም፣ መኪናም አይመለስም። የእኚያ ሴት ስም በአዳራሹ በር ላይ የተጻፈ ዕለት ግን፣ ወንድሜ መኪናውን ነድቶ፣ ገመዱንም ራሱ አስሮ ይመለሳል።

ፈጣሪ ምንጣፍዎን ከዘይት፣ አንደበትዎንም ከእውነት ይጠብቅልዎ ዘንድ እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣዎ፣

የወንበር ልብስ ሰፊዋ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከትዕይንቱ የገዙት አዲሱ መኪናዎ አልነሣ ብሎ ከትናንት ጀምሮ እኛ ግቢ ነው። ሹፌርዎ በሰው አስገፍቶ አምጥቶት፣ "ጋሼ፣ አደራዎን፣ ማንም እንዳይሰማ" ብሎ ወንድሜን ለምኖታል። ወንድሜ አደራውን ጠብቆ ለማንም ትንፍሽ አላለም። እኔን ግን የለመነኝ የለም።