ሃና፣ ዱል፣ ሰት

ይድረስ ለእናት ዓለሜ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽ አሁንም ደረጃ ሲያይ ያኮርፋል? ደብዳቤዬን የምታነብልሽ ታናሽ እህቴስ? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር የጎደለኝ የለም። ይህን ማንም አልጻፈልኝም፤ የማታ ትምህርቴን ጨርሼ ራሴው ነኝ የጻፍኩት። ፊደሉ ቢንጋደድ አትፍረጂብኝ፣ በግራ እጄ ነው። የተማረ ሰው በሁለቱም ይጽፋል።

በይ አሁን ወሬውን ስሚ። «ይሄ አፍህ ደመወዝ ቢከፈለው!» ትዪኝ አልነበር? ይኸው፣ ተከፈለው!

እኛ ማሽን ተሸካሚዎች ስምንት ነበርን። አለቃችን ኮሪያዊ ነው፤ ዕቃ ስናነሳ በአገሩ ቋንቋ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ያስቆጥራል፦ ሃና፣ ዱል፣ ሰት። እኛ የለመድነው ቆጥሮ ጨርሶ ማንሳት ነው፤ እነሱ ግን ሰት ላይ ራሱ ብድግ ነው። የቀድሞው ቆጣሪ «ሰትትት» እያለ ሲጎትተው ግማሻችን እናነሳለን፣ ግማሻችን እንጠብቃለን። አንድ ቀን ማሽኑ ዘመመና ወደቀ። አትደንግጪ፣ የሞተ የለም።

በሳምንቱ አለቃው ጠርቶኝ፣ «አንተ ከእንግዲህ አትሸከምም፣ ወደ ቤትህ ሂድ» አለኝ በአስተርጓሚ። «እንግዲያው ልቁጠርልህ» አልኩት። ሳቀና ዐሥር ቀን ሰጠኝ።

እማዬ፣ ነገሩ ሁሉ ትንፋሽ ነው! ሰት ሲባል ምላስ ከጥርስ ጀርባ ተጣብቆ እዚያው ይቀራል፤ ትንፋሽ ውልፍት አይልም። የእነሱ መካኒክ ስስ ወረቀት አፌ ፊት ያዘና «ከተንቀሳቀሰ አልቻልክም» አለኝ። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ተንቀሳቀሰ። ማደሪያ የምንጋራው ጓደኛዬ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ወረቀቱን ልታገባው ነው እንዴ እንዲህ የምትለማመጠው?» እያለ መሳቂያ አደረገኝ።

በዐሥረኛው ቀን ወረቀቱ ቀጥ አለ። ሰዎቹ ፊት ቆሜ ደረቴን ነፋሁና «ሃና፣ ዱል፣ ሰት!» ብዬ ጠራሁ። ያ የዝሆን ግልገል የሚያህል ማሽን እንደ ጨቅላ ሕፃን ብድግ! አለቃው የራሱን ኮፍያ አውልቆ እኔ ራስ ላይ ደፋው። አሁን ግቢው ሁሉ «ጋሽ ሰት» ነው የሚለኝ። ከዚያ ወዲህ አንድም ዕቃ አልዘመመም፤ አንድም ሰው አልተነካም።

ዕድሜሽን በየትኛውም ቋንቋ ቆጥሬ የማልጨርሰው ያድርግልኝ።

ልጅሽ፣ ቆጣሪው

እህቴ፣ ይህቺን ለእማዬ እንዳታነቢላት። የቀኝ እጄን ጣቶች ስቆጥር አሁን ሰት ላይ ያልቁብኛል። ለሥራው ግን ሰት ይበቃል።