ስለማይግባቡት ሦስት ኮምፒውተሮችና ስለ እህቴ ልጅ

መካነ ሰላም፣ ነሐሴ 2003 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ ኃላፊያችን፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና በቅርቡ በየክፍሉ ለተተከሉት ኮምፒውተሮች አላህ ሙሉ ዓፊያ እንዲሰጥልኝ እለምናለሁ። እኔ በጡረታ ላይ የምገኝ መምህር ስሆን፣ ቢሮዎ ቀርቤ እንዳላመለክት ከስብሰባ የሚወጡበትን ሰዓት የሚያውቅ ሰው በማጣቴ፣ ይህን ደብዳቤ በአደባባይ ለመጻፍ ተገድጃለሁና ድፍረቴን ይቅር ይበሉኝ። የመሥሪያ ቤቱን ስም ያልጠራሁት ለክብሩ ተጨንቄ ነው።

ጉዳዬ አጭር ነው። የእህቴ የዙሀራ ልጅ ሀጀራ ሪያድ ውስጥ በሰው ቤት ስትሠራ ቆይታ፣ አሠሪዋ ፓስፖርቷን ስለያዘችባት ሸሽታ ወጥታ፣ አሁን ከመሰሎቿ ጋር በአንድ መጠለያ ውስጥ ትገኛለች። ወደ አገሯ የሚያስገባት ሰነድ የሚሰጣት፣ የዚህች ከተማ ልጅ መሆኗን የሚገልጽና ፎቶግራፏ ያለበት ደብዳቤ ከእናንተ ሲደርስ ብቻ ነው። ደብዳቤ ያልመጣላቸው ወደ እስር ቤት እንደሚዛወሩ ተነግሯቸዋል። ፎቶግራፏም መዝገቧም በእናንተ ምዝገባ ክፍል አለ፤ ደብዳቤ የሚጻፍበት ክፍል ደግሞ ከዚያው ግድግዳ ማዶ ነው።

ስለዚህም የሚከተሉትን ምስጋናዎች በቅደም ተከተል አቀርባለሁ፦

1. ኮምፒውተሮቹን ያለ አድልዎ በዕጣ ስላከፋፈሉ አመሰግናለሁ። ከክልል የተላከው አዲሱ፣ ከደሴ በውሰት የመጣው አሮጌውና ከባሕር ማዶ በጎ አድራጊዎች የተለገሰው ባለ ሌላ አሠራር፣ የትኛው ለየትኛው ሥራ እንደሚስማማ ባለሙያ ተጠይቆ ቢሆን ኖሮ ቅሬታ ይነሣ ነበር። አሁን ግን ሁሉም እጁን ባርኔጣ ውስጥ ከትቶ ያወጣው ስለሆነ ማንም ማንንም አይወቅስም። አሮጌው ለምዝገባ፣ የውጭው ለደብዳቤ ጻፊዎች፣ አዲሱ ለንብረት ክፍል ደርሷል፤ የክፍሉ ኃላፊ አቶ ፈንታውም እስከ ዛሬ ከነላስቲኩ በክብር አስቀምጠውታል።

2. ሦስቱንም በአንድ ገመድ ስላስተሳሰሯቸው አመሰግናለሁ። በምረቃው ዕለት ሪባን ተቆርጦ፣ ሙክት ታርዶ፣ ከእንግዲህ ወረቀት ከክፍል ወደ ክፍል አይዞርም ብለው ሲያውጁ እኔም ከአጨብጫቢዎቹ አንዱ ነበርሁ። ገመዱን የዘረጋው ባለሙያ ያኔውኑ፣ ዓይነታቸው የተለያየ ኮምፒውተሮች በገመድ ስለተያያዙ ብቻ እንደማይግባቡ፣ በመካከላቸው የሚያስማማ ፕሮግራም መጫን እንዳለበት ተናግሮ ነበር። ንግግሩ የበዓሉን ድባብ እንዳያደፈርስ ምሳ ተጋብዞ መሸኘቱ ብልህነት ነው። ይኸው ዛሬ የሀጀራ መዝገብ በደብዳቤ ጻፊዎቹ ኮምፒውተር ላይ ስሙ ይታያል፤ ሲከፈት ግን ባዶ ሳጥኖች ብቻ ይደረደራሉ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው።

3. አዋጅዎን ስላጸኑ አመሰግናለሁ። የምዝገባ ክፍሏ ወይዘሮ አልታየች የሀጀራ ፎቶግራፍ የተለጠፈበትን የቀድሞውን የወረቀት መዝገብ አንሥተው ወደ ጎረቤት ክፍል ሊሻገሩ ሲሉ፣ የኋላ ቀር አሠራር ናፋቂ ተብለው በግምገማ ላይ ግለ ሂስ አድርገዋል። በፍላሽ ልውሰደው ቢሉ ቫይረስ ያመጣል ተባሉ። በዚያው ግምገማ ኮምፒውተሮቹም ተቀናጅቶ የመሥራት የአመለካከት ችግር እንዳለባቸው ተለይቶ፣ የሚያስማማው ፕሮግራም ለመጪው በጀት ዓመት ተይዟል። የሪያዱ መጠለያ ሰዎች የእኛን በጀት ዓመት ባለማወቃቸው እናዝናለን።

4. ለእህቴ ስላደረጋችሁላት መስተንግዶ አመሰግናለሁ። ዙሀራ ፊደል አልቆጠረችም። አንድ ቀን ወይዘሮ አልታየች አንጀታቸው አልችል ብሎ ኮምፒውተሩን ወደ እሷ አዙረው የልጇን ፎቶግራፍ አሳዩዋት። ከዚያ ወዲህ በየገበያው ቀን ትመጣለች፤ መብራት ካለ ልጇን አይታ፣ መስታወቱን በሻሿ ጠርጋ ትመለሳለች። «እኔ ከዚህ ካየኋት፣ ከወዲያ ያሉት እንዴት አላዩዋትም?» ስትለኝ፣ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ብዕሬን አነሣሁ። ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ መቀለድ አልሆነልኝም። እናንተን እፈራለሁ፤ ለሀጀራ ያለኝ ስጋት ግን ከፍርሃቴ በልጦብኛል።

ልመናዬ አንድ ናት፦ ለአንዲት ጠዋት ብቻ አዋጅዎን ያንሡና ወይዘሮ አልታየች ያንን የወረቀት መዝገብ በብብታቸው ይዘው በሩን ይሻገሩ። ከዚያ በኋላ እንደገና ይዘመኑ፤ ማንም አይከለክልዎትም።

የሥልጣን ዘመንዎ እንደ ስብሰባዎ የረዘመ፣ ጤናዎም እንደ ሪፖርትዎ እንከን የለሽ ይሆን ዘንድ ዱዓ በማድረግ፣ ከእግርዎ ሥር ሆኜ በታላቅ አክብሮት እሰናበታለሁ።

አበጋዝ ጀብሪል
ጡረተኛ መምህር

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሀጀራ ትናንት በሰው ስልክ ደውላ ደብዳቤዋን ምን እንደያዘው ጠየቀችኝ። ግድግዳ ነው ለማለት አፈርሁ። ወደ ደሴ የሚያወጣው የአቀስታ መንገድ በጎርፍ ተቆርጦ ነው ብዬ ዋሸኋት፤ የክረምቱን ነገር ስለምታውቅ አመነችኝ፤ ጎርፉ ሰው ጎድቶ እንደሆነም ጠየቀችኝ። እንግዲህ በሕይወት ከገባች አደራዎን፣ መንገድ ተቆርጦ ነበር ይበሉልኝ።