ባዶ ነው ስለተባለው ጨፌያችን

ለተከበሩ የወረዳችን የመሬት ጉዳይ ኃላፊ፣
ከላስታ ደጋ፣ ጥር 1999 ዓ.ም.

ጤናዎ እንዲበረታ፣ ጉልበትዎንም ዳገታችን እንዳያደክመው እየተመኘን፣ እኛ የጨፌው ዙሪያ ገበሬዎች ምስጋናችንን በትሕትና እናቀርባለን።

፩ኛ. ካርታ ማንበብ ስላስተማሩን እናመሰግናለን። በቀበሌው አዳራሽ ወረቀቱን ዘርግተው፣ ቡናማዎቹ መስመሮች ሲቀራረቡ ገደል፣ ሲራራቁ ሜዳ፣ ሰማያዊዎቹ ሰረዞች ደግሞ ረግረግ መሆናቸውን ሳይሰለቹ አስረድተውናል። «ካርታ ላይ የገባ መሬት አይነካባችሁም፤ ጨፌያችሁን አሳዩኝ» ባሉን ጊዜ ቄስ ወልደ ሰንበት በመስቀላቸው፣ እኛም በጣታችን አሳየንዎት።

፪ኛ. ጨፌው ለበሬዎቻችን የበጋ ቀለብ ነው፤ ስለዚህም ከክረምት እስከ ጥምቀት በግዝት ይዘጋል። ግዝቱ ሳይፈታ ከብት አይገባበትም፣ ማጭድም አያርፍበትም። ባለሙያዎችዎ በኅዳር መጥተው እበትም ዱካም ቢያጡ «ተጠቃሚ የሌለው ባዶ መሬት» ብለው መዘገቡት። ስለምንሳሳለት ያልነካነው መሆኑን የሚያሳይ ቀለም ለካርታ እንዳልተሠራ አሁን ገብቶናል። በዚሁ አነባበብ የቤተ ክርስቲያናችን ቅድስቱም መቅደሱም ብዙ ሰው ስለማይገባባቸው ባዶ ቤት ናቸውና፣ እንዳይጎበኙልን አደራ እንላለን።

፫ኛ. ጨፌው ለአትክልት አልሚ መሰጠቱን፣ ውኃውም በቦይ ተንጠፍጥፎ ሊደርቅ መሆኑን የሰማነው ከእርስዎ አይደለም፤ ከሙጃ ገበያ ነው። በሬዎቻቸውን በዚያ ሣር ብቻ ለእርሻ የሚያደርሱት ባልቴት፣ ወይዘሮ ባንችይርጋ፣ «መወሰዱስ ይሁን፤ ጣቴን ይዞ ‹ይኸውልዎ እማማ፣ ጨፌዎ› እያለ በወረቀቱ ላይ ሲያስኬደኝ መርቄው ነበር እኮ!» ብለዋል። የተመረቀ አይነሣምና ምርቃቱን እንዲጠቀሙበት ፈቅደውልዎታል።

ቦዩ ከመቆፈሩ በፊት ግን አንድ ቀን በእግርዎ መጥተው ቢያዩት፣ ወረቀቱን ትተው መሬቱን ያነበቡ ኃላፊ ብለን በየማኅበሩ እናወሳዎታለን።

በሬዎቻችንን በበጋ የት እንድናስራቸው ትእዛዝዎን በትዕግሥት የምንጠባበቅ፣ አክባሪዎችዎ፤
ስለ ጨፌው ዙሪያ ሰዎች፣ ኢያቄም ደግሰው

ድኅረ ጽሑፍ፦ ለአዲሱ ካርታ የምንጮቻችንን ቦታ እንዲመዘግቡ የላኳቸው ባለሙያዎች ባለፈው ሳምንት ደርሰዋል። እንግዳ ናቸውና አብልተን አጠጥተን ሸኘናቸው። ምንጭ ግን በመንደሩ የሚያውቅ አንድም ሰው አልተገኘም፤ የጠጡት ውኃ ከየት እንደተቀዳ እንኳ።