ባዶ ወንበር ያወደሰው ማሽን

ለምወድህ የእህቴ ልጅ ለአያንሎላ፣

የሌጎስ መኪና ሳይገጭህ፣ የሌጎስ ሴቶችም ሳይሰርቁህ ይህ ደብዳቤ በሰላም ያግኝህ። እኛ እዚህ ኤዴ ደህና ነን፤ የእናትህ ፍየሎች ከእኔም ወፍረዋል።

ባለፈው ቅዳሜ የአዴቶላን ልጅ ዳርን። እኛን ከበሮ መቺዎቹን አልጠሩንም፤ በእኛ ፈንታ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉትን ነገር በድምፅ ማጉያ አመጡት። ማን የት እንደሚቀመጥ አስቀድመው ነግረውታልና እንግዳውን ሁሉ እንደ እኛ ከበሮ እየመታ በየተራ ያወድሳል። አለቃ ኦኬዎሌ ተራቸው ሲደርስ ሽንት ይዟቸው ወጡ። ማሽኑ ምን ገዶት! ባዶውን ወንበር "አንተ ዝሆን፣ ምድር የምትንቀጠቀጥልህ!" ይለዋል። እኔም ሄጄ ተቀመጥኩበት። ሰዉ በሳቅ ሞተ፤ ግንባሬ ላይ የናይራ ኖት ለጣጠፉልኝ። አለቃ ሲመለሱ "ተነስ አንተ ቀጣፊ፣ ውዳሴዬን በላህብኝ!" አሉ።

"ሳይቀዘቅዝ ብዬ ነው ጌታዬ" አልኳቸው።

የማሽኑ ከበሮ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ጥሩ ነበር። ሙሽራይቱ ስትገባ እናትህ አመታቱን አወቀችው። "የልጄ እጅ ነው!" ብላ ብድግ አለችና ወደ በሩ አየች።

"ተቀመጪ እቴ፣ ሌጎስ ሆኖ ማሽኑን ለሠራው ኩባንያ ያስቀዳው ነው" አልኳት።

"እጁን ቀድተው ከጨረሱ ታዲያ ልጁን መቼ ይመልሱልኛል?" አለችኝ።

 እኔም አፌን በሩዝ ሞላሁት።

እናትህ ሰላም ብላሃለች። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ዛሬ ፍራሽህን ፀሐይ ላይ አውጥታዋለች። እጅህንም እግርህንም አምላክ ይጠብቅልን።

አጎትህ አያንኩንሌ